ድንኳን የሌለው ለቅሶ

ደባርቅ ላይ የስልክ አላርም ብዙም አያስፈልግም። ጎህ ሲቀድ ቁራው ቆርቆሮው ላይ ያርፋል፤ ኳ ኳ እያደረገ ወዲያ ወዲህ ይልና ያንን የሻከረ ድምፁን ይለቅቀዋል። አለቀ፣ ሰፈሩ ነቃ። ጎረቤታችን ያሉት እናት "ወሬህን ይዘህ ወዲያ!" ብለው ያባርሩታል። እኔ ግን ከአምና ጀምሮ ማባረሩን ትቼዋለሁ። ተጋድሜ እሰማዋለሁ። ከዚያ ስልኬን አነሳና አንድ ቻት እከፍታለሁ። የመጨረሻዋ መልእክቴ አጠገብ አንዲት የራይት ምልክት አለች። አንድ ብቻ። ሁለት ሆና አታውቅም።

ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ተልኳል፣ አልደረሰም።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ስልክ ከመፈጠሩ በፊት ስም አውጥቶለታል። "የቁራ መልእክተኛ" ይለዋል። ኖኅ ውኃው ጎደለ አልጎደለ እንዲያይለት ቁራን ከመርከቡ ላከው፤ ቁራው ሄዶ በዚያው ቀረ ይባላል። ሱቅ ተልኮ የውኃ ሽታ የሆነ ልጅ ሁሉ ይህን ስም ሲወርስ ኖሯል። የኔም መልእክት እንደዚያው ነው። የተላከላት ልጅ የዳባት ልጅ ነበረች። ነበረች ነው የምላችሁ።

ዛሬ ላወራችሁ ያሰብኩት ግን ስለ ግጥም ነው። ከልጅቷ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትንሽ ታገሡኝ።

እኔ አስጎብኚ ነኝ። ሥራዬ ደባርቅ ላይ እንግዳ ተቀብሎ ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ግጭ፣ ወደ ጨነቅ መውሰድ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ መሆኑን በእንቅልፌም እናገራለሁ። ስለ ቁራውም እንደዚያው። መንቁረ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ እምብዛም የማይገኝ፣ በዓለም ካሉት ትልልቅ ቁራዎች አንዱ። ይህን ስናገር እንግዶቹ ካሜራቸውን ያወጣሉ፤ እኔም ምሳ ምን እንደሆነ ማሰብ እጀምራለሁ።

አምና፣ ልጅቷ ከሞተች ወር ገደማ ሲሆነው፣ ሳንቃበር ላይ ምሳ ስንበላ አንድ ቁራ መጥቶ ድንጋይ ላይ አረፈ። ጉም ከገደሉ ሥር እየወጣ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ሸምገል ያሉ ሰውዬ፣ ሹካቸውን አስቀምጠው በእንግሊዝኛ ግጥም ማነብነብ ጀመሩ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልገባኝም። ማታ ኔትወርክ ያለበት ስደርስ ፈለግኩት፤ አገኘሁት። ርእሱ "ቁራው" ማለት ነው። የጻፈው አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በጥር 1845 ነው።

ታሪኩን ላጫውታችሁ። አንድ ሰው በክረምት እኩለ ሌሊት ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ያነባል። የሚያነበው ለማወቅ ብሎ አይደለም፤ ሌኖር የምትባል የሞተችበትን ፍቅረኛውን ለመርሳት ነው። በሩ ይንኳኳል። ይከፍታል፤ ጨለማ ብቻ። እንደገና ኳ ኳ ሲል መስኮቱን ይከፍታል። ትልቅ ቁራ ገብቶ ከበሩ በላይ ካለ ሐውልት ላይ ጉብ ይላል። ሰውየው እንደ ቀልድ ስሙን ይጠይቀዋል። ቁራው "ከእንግዲህ ወዲያ የለም" የሚል መንፈስ ያላት አንዲት ቃል ይመልሳል። ሌላ ቢጠይቁትም ያችኑ። ሰውየው ቁራው ከዚያች ቃል ሌላ እንደማያውቅ እየገባው ይጠይቀዋል። ይባስ ብሎ መልሱ የሚያመውን ጥያቄ እየመረጠ ይጠይቀዋል፤ በወዲያኛው ዓለም ሌኖርን አገኛት ይሆን? መልሱን ታውቁታላችሁ። ቁራው ግጥሙ እስኪያልቅ አልሄደም። አሁንም እዚያው ነው።

እንግሊዝኛው ይከብዳል፤ ሁለት ሌሊት ከመዝገበ ቃላት ጋር ታገልኩ። ግን አንድ ነገር ወዲያው ገባኝ። ሰውየው የሚያደርገው እኔ የማደርገውን ነው። መልስ እንደማይመጣ እያወቅኩ አንዲቷን ራይት በየማለዳው የማየው ለምን ይመስላችኋል?

ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ጎቲክ ይባላል። ዛሬ ቲክቶክ ላይ "ጎት" ስትሉ ጥቁር ልብስ፣ ጥቁር ጥፍር ቀለም፣ ነጣ ያለ ፊት ይመጣላችኋል። ሥሩ ግን ሩቅ ነው። ቃሉ መጀመሪያ የአንድ ጥንታዊ የአውሮፓ ሕዝብ ስም ነበር፤ በኋላ ሹል ጣሪያ ላላቸው ለመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1764 ሆራስ ዋልፖል የሚባል እንግሊዛዊ በአሮጌ ግንብ ውስጥ የሚካሄድ አስፈሪ ልቦለድ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ለሥነ ጽሑፍም ሆነ። ከእሱ ትንሽ ቀደም ብለው ደግሞ መቃብር ሥፍራ ተቀምጠው ስለ ሞት የሚገጥሙ እንግሊዛውያን ነበሩ፤ ቶማስ ግሬይ በገጠር ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ላይ የጻፈው እንጉርጉሮ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1751 ነው። ፍርስራሽ፣ ሌሊት፣ ጉም፣ ቁራ፣ የሞተች ፍቅረኛ። ጎቲክ ግጥም እነዚህን አሰባስቦ ቤት ሠራ።

ፖ ደግሞ ቤቱን ከልቡ ኖረበት። እናቱ የሞተችው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነው። ያሳደገችው ሴትም እሱ ገና ወጣት ሳለ አረፈች። ሚስቱ ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ1842 መጀመሪያ አንድ ቀን እየዘፈነች ሳለ ከአፏ ደም ወጣ፤ የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ከዚያ ወዲያ አምስት ዓመት ሙሉ ተሻላት ሲሉ እየባሰባት፣ ባሰባት ሲሉ እየተሻላት ኖረች። "ቁራው" ሲታተም በሕይወት ነበረች። የሞተችው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ24 ዓመቷ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሰውየው ለቅሶውን የጀመረው አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ነው። እሱም ብዙ አልቆየም፤ እ.ኤ.አ. በ1849 በ40 ዓመቱ ሞተ። ባሕር ዳር ስለ ተቀበረች ፍቅረኛ የጻፈው "አናቤል ሊ" የታተመው እሱ በሞተ በቀናት ውስጥ ነው።

አንድ ልጨምርላችሁ፤ በኋላ ይጠቅመናል። ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ የሚባል የለንደን ሠዓሊና ገጣሚ ነበር። ሚስቱ ኤልዛቤት ሲዳል እ.ኤ.አ. በ1862 ስትሞት ሌላ ግልባጭ የሌላቸውን የእጅ ጽሑፍ ግጥሞቹን ሬሳ ሣጥኗ ውስጥ ከፀጉሯ አጠገብ አኖረና አብሮ አስቀበራቸው። ለእሷ የተጻፈ ከእሷ ጋር ይቅር ማለቱ ነው። ሰባት ዓመት አለፈ። መጽሐፍ ማሳተም ፈለገ። ግጥሞቹን በቃሉ አያስታውሳቸውም። እ.ኤ.አ. በ1869 ሰው ልኮ በሌሊት መቃብሩን አስቆፈረ፤ እሱ ራሱ አልሄደም። ደብተሩ ወጣ፤ ወረቀቱን ትል በስቶት ነበር። ግጥሞቹ በዓመቱ ታተሙ። ተወደዱም። እኔ ይህን ካነበብኩ ጀምሮ የሚያስጨንቀኝ ግን ግጥሙ አይደለም። የተሰጠን ነገር መልሶ መውሰድ ይቻላል ወይ የሚለው ነው።

እሺ፣ ይህ የፈረንጅ ነው። እኛ ጋስ?

እኛ ጋ ሐዘን ብቻውን ክፍል ውስጥ አይቀመጥም። ድንኳን ይተከላል። እድርተኛው ወንበርና ብረት ድስት ይዞ ይመጣል። ንፍሮ ይቀቀላል። አልቃሽ ትነሳለች፤ ይህቺ ሴት ማለት የሐዘን መሪ ናት። ሟች ማን እንደነበረ በግጥም ታወጣለች፤ ከዚያ የቀሩትን አንድ በአንድ ትጠራለች። እናት ሆይ ትላለች፣ እናት ትነሳለች። ወንድም ሆይ ትላለች፣ ወንድም ደረቱን ይመታል። ሙሾ የሚባለው ግጥም ትልቅ ጥበቡ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ "ያንተ ድርሻ ይህ ነው፣ አልቅስ" ይለዋል።

ዜናው የደረሰኝ ከአራት ቀን የተራራ ጉዞ ስመለስ ነው። ላይ ቤት ኔትወርክ የለም። ደባርቅ መግቢያ ላይ ስልኬ ነፍስ ዘራ፤ መልእክቱ ተግተልትሎ ገባ። አንድ ጓደኛችን ሦስት ጊዜ ደውሎ፣ በመጨረሻ ጽፎልኝ ነበር። መታመሟን አውቃለሁ። ከመውጣቴ በፊት "አይዞሽ፣ ስመለስ እመጣለሁ" ብያት ነበር። የተቀበረችው በዋዜማው ነው።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ዳባት ሄድኩ። የወገራ ሜዳ ላይ ገብሱ አረንጓዴ ነበር፤ ያ መንገድ እንደዚያን ቀን አጥሮብኝ አያውቅም። ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። ማን ነኝ? ቤተሰቧ አያውቀኝም። ሽማግሌ አልላክንም፣ ቀለበት የለም። "አብሯት የተማረ ነው" አለ አንዱ፤ ከበሩ አጠገብ ያለ አግዳሚ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። አልቃሿ እናትን ጠራች፣ እኅትን ጠራች፣ አጎትን ጠራች፣ ክርስትና እናቷን ሳይቀር ጠራች። እኔ ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር። እንደማይመጣ እያወቅኩ ጠበቅኩ። ንፍሮዬን በላሁ። ለእናቲቱ ጎንበስ ብዬ "እግዜር ያጥናዎት" አልኩና ወጣሁ። ለኔ ማንም "እግዜር ያጥናህ" አላለኝም። ለምንስ ይበሉኝ? እንደዚያ የሚባለው ለሐዘንተኛ ነው።

ያኔ ያልገባኝ፣ ፖን ካነበብኩ በኋላ የገባኝ ይህ ነው። ሙሾ ቦታ ላለው ሰው የተሠራ ግጥም ነው። ጎቲክ ግጥም ደግሞ ቦታ ለሌለው። የኛ ለቅሶ መዝገብ አለው፤ እድሩ የሚያውቀው በስም የተጻፈውን ነው፤ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ። በድብቅ ለወደደ፣ ተለያይቶ ሳለ ለሞተበት፣ ቤተሰብ ያልፈቀደውን ፍቅር ለያዘ አምድ የለውም። እንዲህ ያለው ሰው ለቅሶውን ይዞ ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ከዚያ ኳ ኳ ይላል።

ሌላም ልዩነት አለ። የኛ ሐዘን የቀን መቁጠሪያ አለው። ሰልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ አሥራ ሁለት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ከል የለበሰችው እናት በዓመቷ ከል ታወጣለች። ማንም "በቃሽ" አይላትም፤ ቀኑ ራሱ እየመጣ ትንሽ ትንሽ ያሻግራታል። የፖ ሰውዬ ግን ቀን የለውም። ያለው ያች አንድ ሌሊት ናት። ቁራው አይወጣም፤ ምክንያቱም አርባውን አውጥቶ፣ ሰው ሰብስቦ "በል እንግዲህ ተነስ" የሚለው የለም። ሰዎች ጎቲክ ግጥም ሐዘንን ያጋንናል ይላሉ። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም። ሰልስት የሌለው ሐዘን ልክ እንደዚያ ነው።

ይህ የተራ ሰው ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግዶቼ ታሪክ የሚወዱ ከሆኑ ስለ ደረስጌ አጫውታቸዋለሁ። ከደባርቅ ወዲያ፣ ጃናሞራ ውስጥ ያለች ናት። የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ደረስጌ ማርያምን ያሠሯት ዘውድ ሊጭኑባት ነው ይባላል። የካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ መጥቶ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረጋቸው፤ በቀናት ውስጥም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ቀብተውት ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። ውቤ ባሠሩት ቤት ሌላ ሰው ነገሠ። እሳቸው ወደ እስር ሄዱ።

ከአዲሱ ንጉሥ ጎን የነበረችው ተዋበች ናት፤ የራስ አሊ ልጅ። ጋብቻው መጀመሪያ የፖለቲካ ነበር፤ ሸፍቶ ያስቸገረውን ካሣን ለማለዘብ የተሰጠች ልጅ ናት። ነገሩ ግን ሌላ ሆነ። ባሏ ከአባቷ ጋር ሲጣላ ከባሏ ጋር ቆመች። ሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ባሏ አባቷን ድል ሲያደርግም ከባሏ ጋር ነበረች። እሱም እንደ ዘመኑ መኳንንት ቅምጥ ማብዛቱን ትቶ ከእሷ ጋር ቆረበ። ነሐሴ 1850 ዓ.ም. ሞተች። ንጉሥ ከሆነ ገና አራተኛ ዓመቱ ነው።

ቴዎድሮስ እንዴት እንዳዘነ በቃል የመጣ ብዙ ነገር አለ፤ ራሱ ገጠመላት እየተባለ የሚነገር ግጥምም አለ፤ ጎንደር ላይ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይሉላችኋል። በተከታዮቹ ጥቂት ዓመታት ደግሞ ወዳጆቹ እንግሊዛውያኑ ፕላውደንና ጆን ቤል ተገደሉ። ብዙ ጸሐፊዎች የንጉሡ ጠባይ መክፋት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው ይላሉ። እርግጥ ነው፣ አመጹ ነበር፣ ከካህናቱ ጋር በመሬት ጉዳይ የገባበት ጠብም ነበር፤ ሁሉን በአንድ ሞት ማሳበብ አይቻልም። ግን አስቡት። ለንጉሥ ድንኳን አይጠፋም፤ አልቃሹ ሺህ ነው። ችግሩ አጠገቡ ተቀምጦ "አንተ ሰው፣ ስለ እሷ ንገረኝ" የሚል ሰው ማግኘቱ ላይ ነው። ንጉሥን ደፍሮ እንዲህ የሚለው ማን ነው? ዙፋንም ሲያስፈልግ እንደዚያች የተዘጋች ክፍል ነው።

ቀጥሎ ያገባት ጥሩወርቅ ናት። የማን ልጅ? የደጃዝማች ውቤ። አባቷ በባሏ እስር ቤት ነበሩ። ባሏ ልቡ የሞተችው ሚስቱ ጋ ነበር። የዚያ ትዳር አለመስመር ይታወቃል። እኔ ግን እሷን ነው የማስበው። የአባቷን ነገር በየትኛው ድንኳን ታልቅሰው? ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሱን ሲገድል እንግሊዞች እሷንና ትንሹን ልጇን ዓለማየሁን ይዘው ወረዱ። በወሩ መንገድ ላይ ሞተች፤ ትግራይ፣ ጨለቆት ተቀበረች። ልጁ ከአገር ወጥቶ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር አረፈ። ጎቲክ ጸሐፊዎች ግንብና እስር ቤት፣ የሞተች ንግሥትና ስደተኛ ልዑል ከራሳቸው ይፈጥራሉ። እኛ ሰሜን ላይ ማንም አልፈጠረልንም።

ቁም ነገሩ ወዴት ነው ለምትሉኝ፣ እነሆ። ጎቲክ ግጥም አንድ ትልቅ ውለታ ይውላል። ቦታ ለሌለው ሐዘንተኛ አግዳሚ ያወጣለታል። ያን ሌሊት ሳንቃበር ወርጄ "ቁራው"ን ሳነብ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። አንድ ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈው አሜሪካዊ "ያንተ ድርሻ ይህ ነው" ያለኝ መሰለኝ። አልቃሿ ሳትጠራኝ የቀረችውን እሱ ጠራኝ። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት የጨለመ ግጥም የሚያነቡ፣ ስልካቸው ላይ የሚጽፉ ልጆችን አይታችሁ "ምን ነካው" አትበሉ። ምናልባት ድንኳን እየተከለ ነው።

የማያደርገውን ደግሞ ልንገራችሁ። ሰልስት አያወጣም። ግጥሙ ያስለቅሳል እንጂ አያስነሳም፤ ሺህ ጊዜ ብታነቡት ቁራው እዚያው በር ላይ ነው። ይህን ያየሁት በራሴ ነው። ወራት ሙሉ ያንኑ ግጥም፣ ያንኑ ቻት፣ ያችኑ ራይት። እንግዶቼን ጨነቅ ወስጄ ጅብራውን ሳሳያቸው ዓረፍተ ነገሬ ይቆረጥብኝ ጀመር። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ይኖራል፤ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል። ይህን በየሳምንቱ የምናገር ሰው ነኝ። "አንድ ጊዜ ያብባል" እልና እቆማለሁ። እንግዶቹ ይጠብቃሉ። እኔ ጫማዬን አስራለሁ።

የሚያስነሳው ሰው ነው። ሌላ አላገኘሁም።

ባለፈው ወር ሙት ዓመቷ ነበር። ማንም አልጠራኝም፤ ሄድኩ። ዳባት፣ ያው ቤት፣ ያው አግዳሚ፣ ከበሩ አጠገብ። ታላቅ እኅቷ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዛ ስታስተናግድ እኔ ጋ ደረሰችና ቆመች።

"የደባርቁ አስጎብኚ አንተ ነህ አይደል?"

"ነኝ።"

ማንቆርቆሪያውን ለሌላ ሰው ሰጠችና "ና እስቲ" ብላኝ ጓዳ አስገባችኝ። ከሣጥን ውስጥ ነጠላ አወጣች። ነጠላው ውስጥ ስልክ ተጠቅልሏል። ሽፋኑን አወቅኩት፤ አብረን ነው የገዛነው።

"እማዬ እንዳይነካ ብላ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ያንተን ነገር ነግራኝ ነበር፤ እኔም ለማንም አላልኩም። ከፈለግህ ቻርጅ ላድርገውና ክፈተው።"

የሮሴቲን ደብተር አሰብኩ። ስልኩ ቢከፈት መልእክቶቼ ሁሉ ተግተልትለው ይገባሉ፤ ራይቶቹ ሁለት ሁለት ይሆናሉ። ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ይህን አልነበረም? ግን ማን ነው የሚያነባቸው? የተላኩት ለእሷ ነው።

"ተይው እታለም" አልኳት። "ከነጠላዋ ጋር ይቀመጥ።"

ዝም ብላ መልሳ ጠቀለለችው። ከዚያ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና "እንግዲያው ንገረኝ" አለችኝ። "ምን ብለህ ነበር የምትጽፍላት?"

ነገርኳት። መጀመሪያ ቃላቱ አልወጡም። ከዚያ እምቢ አሉ፤ አላቆምም አሉ። ስንገናኝ ምን እንደምትቀልድብኝ፣ ቁራውን "የሰፈራችሁ ወሬኛ" እንደምትለው፣ ሚኒባስ ላይ ሁሌ መስኮት ዳር ካልሆነ እንደማትቀመጥ። እኅቷ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ እኔ የማላውቀውን የልጅነቷን ነገር ትጨምርልኛለች። ውጪ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል። ስንወጣ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር።

እንግዲህ ከናንተ የምፈልገው አንዲት ነገር ናት። ለቅሶ ስትሄዱ በሩ አጠገብ ብቻውን የተቀመጠውን ሰው እዩት። ማን እንደሆነ ባታውቁም ግድ የለም። ጓደኛችሁ "ድሮ የማውቃት ልጅ ሞተች" ብሎ ወሬ ከቀየረ፣ ወሬውን መልሱለት። አንድ ጥያቄ ይበቃል።

እኅቷ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ ሲመጣ እጄን ያዘችና "እግዜር ያጥናህ ወንድምዓለም" አለችኝ።

መልሱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ልጅም ያውቀዋል። እኔ ግን ዓመት ሙሉ ለሌላው ስል የኖርኩትን ቃል ለራሴ ስሰማው ጠፋኝ። ረዳቱ "ደባርቅ! ግባ እንጂ ወንድሜ!" እያለ ይጮኻል። ገብቼ፣ መስኮት ዳር ተቀምጬ፣ መኪናው ከዳባት ሲወጣ ነው አፌ ላይ የመጣው።

አሜን።